ሊንኩ ቁልፉን ጨርሶ ሞተ፣ ምን ላድርግ?

የፎቶን ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ጽሑፌ በኳንተም ቁልፍ ስርጭት (ሁለት ጫፎች በፎቶን፣ ማለትም በብርሃን ቅንጣት፣ የጋራ ሚስጥራዊ ቁልፍ የሚያመርቱበት ዘዴ) ኔትዎርክ ራውቲንግ ወይም መንገድ መረጣ ላይ ነው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ።

ሲሙሌሽኑ ስድስት ኖዶች (የመገናኛ ጣቢያዎች) አሉት። እ.ኤ.አ. በ2008 ቪየና ላይ እንደታየው ኔትዎርክ ኖዶቹ የታመኑ ናቸው፣ ቁልፉን ቢያዩትም አያወጡትም ብዬ ነው የተነሣሁት። ራውቲንጉ በተራ ኔትዎርክ የተለመደው ኦኤስፒኤፍ ስለሆነ አጭሩን መንገድ ይመርጣል። ከ«ሀ» ወደ «ለ» ያለው ሊንክ 600 ኪሎቢት ቁልፍ ይዞ ይጀምራል፣ በሰከንድ 2 ኪሎቢት ያመርታል። ደንበኞቹ ግን በሰከንድ 3 ይወስዱበታል። በ10ኛው ደቂቃ ባዶውን ቀረ፤ በ«ሐ» እና በ«መ» የሚዞረው መንገድ ግን ክምችቱ አልተነካም።

መንገድ የሚመረጥበትን መለኪያ በቀሪ ቁልፍ ስቀይረው ደግሞ ባሰበት። በየ5 ሰከንዱ ትራፊኩ ሁሉ ወደ ዙሪያው ይዘላል፣ ያኛው ሲጎድል ይመለሳል። ትናንት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይህን ስመለከት ነው ያመሸሁት። ከሁሉ የከበደኝ ግን፣ ባዶ የቀረው ሊንክ ትራፊኩን ባነሣለትም አያገግምም። ሲሙሌተሩን የጻፈው የላብ ጓደኛዬ ነው፤ የእሱ ስህተት ይሆን?

ቁልፍ ያዥ፦
እህቴ፣ ጓደኛሽ ልክ ነው! ሁለቱ ጫፎች ቁልፍ ሲያወጡ በተራ መስመር ይነጋገራሉ፤ የትኛውን ፎቶን በምን እንደለኩ ያስተያያሉ፣ ስህተት ይቆጥራሉ። ያ ንግግር ካልተረጋገጠ መሃል የገባ ሰው ለሁለቱም ሌላውን መስሎ ይቀርባል። ማረጋገጫው ደግሞ ቀድሞ ከተመረተው ቁልፍ ትንሽ ይበላል። አንቺ የዘር እህሉን ነው ያስበላሽው። ክምችቱ 50 ኪሎቢት ሲደርስ ለደንበኛ ዝጊው።

መዝለሉን ለማስቆም የቀረውን ብቻ ሳይሆን የሚመረተውንም አብረሽ መዝኚ። አዲስ የሚመጣውን ጥያቄ ብቻ ወደ ሌላ መንገድ ምሪ፤ የጀመረውን አትንኪው። ዙሪያው መንገድ ሦስት ሊንክ መሆኑንም አትርሺ፤ 256 ቢት ለማሻገር 768 ቢት ይወጣል።

ፋይበር 12፦
በሰከንድ 3 ኪሎቢት የሚበላው ምንድን ነው? ዳታውን ቢት በቢት በቁልፉ እየሸፈንሽ ከሆነ ለጥቂት ሚስጥር ብቻ አድርጊው። ለቀረው ዳታው በተራው ኢንተርኔት ይሂድ፤ በኤኢኤስ-256 (በአንድ የ256 ቢት ቁልፍ ብዙ ዳታ በሚቆልፍ ዘዴ) ቆልፈሽ ቁልፉን በየደቂቃው ብትቀይሪ በሰከንድ 5 ቢት እንኳ አይሞላም።

እኔ ፋይበር ስቀጥል የኖርኩ ሰው ነኝና በጣም የማስብበት ሌላ ነገር አለ። ጥሩ ፋይበር በኪሎ ሜትር 0.2 ዲሲቤል ያጠፋል፤ 100 ኪሎ ሜትር ላይ ከ100 ፎቶን አንዱ ቢደርስ ነው። እንደ ለመድነው በአምፕሊፋየር እንዳናጎላው፣ የማይታወቅ የኳንተም ሁኔታ አይቀዳም። የቤጂንግ–ሻንጋይ መስመር 2,000 ኪሎ ሜትሩን በ32 የታመኑ ኖዶች የሚቀባበለው ለዚህ ነው። በእያንዳንዱ ኖድ ውስጥ ቁልፉ ተፈቶ ይቀመጣል፣ ከዚያ በሚቀጥለው ሊንክ ቁልፍ ይሸፈናል። ሳጥኑን የከፈተ ሁሉ ያነበዋል።

ስለዚህ ዙሪያውን መንገድ ለመጠባበቂያ ብቻ አታስቀምጪው። በአንዱ መንገድ የዘፈቀደ ቁጥር ላኪ፤ በሌላው ቁልፉን ከዚያ ቁጥር ጋር ኤክስኦር አድርገሽ (ቢት በቢት ደባልቀሽ) ላኪ። አንዱን ኖድ የሰረቀ ሰው ምንም አያገኝም። ወጪው ይጨምራል፣ እኔ ግን ለዚህ እከፍላለሁ።

የፎቶን ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ! 50 ኪሎቢቱን አስቀረሁ፤ ሊንኩ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አደረ። መዝለሉም ቆሟል።

ሁለቱን መንገድ ስሞክር ግን ሥዕሉን አትሜ በእርሳስ ተከተልኩት። ከ«ሀ» ወደ «ረ» የሚወስዱት መንገዶች ሁሉ በ«መ» ነው የሚያልፉት። «መ» ላይ የተቀመጠ ሰው ሁለቱንም ክፍል ይሰበስባል ማለት ነው።

ፋይበር 12፦
እንግዲያው ለዚያ ጥንድ መክፈሉ ዋጋ የለውም። ከ«ረ» ወደ «ሐ» አንድ ሊንክ ጨምሪና እንደገና አስኪጂው፤ ካልሆነም «መ» የታመነ መሆን እንዳለበት ጽሑፉ ውስጥ በግልጽ አስፍሪ።