ጅማ ላይ አረጋውያንን የሚረዳ ድርጅት እንዴት እንምረጥ?

ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ያለን የሰፈር ልጆች ነን። በየወሩ ትንሽ ትንሽ እናዋጣለን። እስካሁን ራሳችን አብስለን መንገድ ላይ ለወደቁ ሰዎች እናካፍል ነበር፣ ግን በማግስቱ ያው ረሃብ ነው፣ አንድ አባት ደግሞ እግራቸው ላይ ያለው ቁስል እየባሰ ሄደ፣ እኛ ሐኪም አይደለንም። ለድርጅት እንስጥ ተባባልን። ችግሩ፣ አምና አንዱ በማኅበር ስም ብር ሰብስቦብን ጠፋ። እናንተ እንዴት ነው የምታጣሩት?

ቡናው፦ መጀመሪያ የምዝገባ ወረቀት አሳዩኝ በሉ፣ አትፈሩ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 መሠረት የአስተዳደር ወጪያቸው ከጠቅላላ ገቢያቸው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ሒሳባቸውን ጠይቁ። ብሩም በድርጅቱ አካውንት ይግባ፣ በግለሰብ ስም በፍጹም!

የሐሙስ ገበያ፦ ወረቀት ብቻውን አያበላም 😄 ምሳ ሰዓት ላይ ሳትነግሯቸው ሂዱ። ሽታውን፣ አንሶላውን፣ ማን እንደሚያጎርስ እዩ።

እህታችሁ ነርሷ፦ ወንድሞቼ፣ ብዙ ቀን የተራበን ሰው በአንዴ እስኪጠግብ ማብላት አደገኛ ነው፣ ሰውነቱ ውስጥ ያለው ጨው ተዛብቶ ልብን ሊያቆም ይችላል። በትንሽ በትንሹ ነው። ጥርስ ለሌላቸው ደግሞ አጥሚትና ገንፎ። ስትሄዱ ዳቦ ብቻ አትሸከሙ፣ የአዋቂ ዳይፐርና ሳሙና ሁሌም ያልቃል። አባትየውን ግን ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዷቸው።

ጠያቂው፦ እሺ እህቴ፣ አሁን ባጃጅ እየፈለግን ነው።