«እንደራሴ» የማን ራስ ነው?

ሰባራ ብዕር፦
ሰላም ቤተሰብ። ትናንት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ጋዜጠኛዋ «የሕዝብ እንደራሴዎች ረቂቅ አዋጁን አጸደቁ» አለች። አጠገቤ የነበሩ አዛውንት ፈገግ ብለው «በኛ ጊዜ እንደራሴ የንጉሥ ነበር» አሉና ወራጅ አለ ብለው ወረዱ። ምን ማለታቸው ነው? ከ«ተወካይ» ጋርስ ልዩነት አለው?

ቀለም ቀንድ፦
አዛውንቱ ልክ ናቸው። ቃሉን ለሁለት ስንጠቀው፦ እንደ ራሴ። የሚናገረው ሿሚው ነው። «ይኼ ሰው እንደ እኔው ነው፤ ያለውን እኔ እንዳልኩት ቁጠሩት» እያለ ነው። በ1909 ዓ.ም. ንግሥት ዘውዲቱ ሲነግሡ ራስ ተፈሪ «አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ» ተባሉ። ኤርትራ በፌዴሬሽን በነበረችበት ጊዜም አሥመራ የሚቀመጠው የንጉሠ ነገሥቱ ወኪል መጠሪያው እንደራሴ ነበር። ያኔ «ራሴ» ባዩ ንጉሡ ነው። ዛሬ መራጩ ነው። አንድ ፊደል ሳይነካ ባለቤቱ ተቀየረ።

መሐሉ ላይ ያለው ጊዜ ደግሞ ይገርማል። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤት አቋቋመ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። የመወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። የመምሪያውን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪደርስ ድረስ መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ይምረጡለት ተባለ። ሕዝቡ «ደርሰሃል» ተብሎ ድምፅ የሰጠው የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከወጣ በኋላ ነው።

ጉዳይ ገዳይ፦
ስለ ተወካይ እኔ ልናገር፣ ተቃጥዬበታለሁ። አሜሪካ ያለችው አክስቴ ቤቷን እንድሸጥላት ውክልና ላከችልኝ። ማኅተሙ፣ ፊርማው፣ ሁሉም አለ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ልጅቷ በጣቷ እየተከተለች አነበበችና «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ ይላል። መሸጥ የሚለው የታለ?» አለችኝ። ብለምን ብሠራ ወይ ፍንክች። ለካ ልክ ነበረች። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን በጥቅሉ የተሰጠ ውክልና ለማስተዳደር ብቻ ነው። ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ተወካይ ማለት የወረቀቱ እስረኛ ነው በቃ።

ሰባራ ብዕር፦
ታዲያ «የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት» ሲባል እነሱም የወረቀት እስረኞች ናቸው?

ቀለም ቀንድ፦
አይደሉም፣ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 አባላቱ የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸው ይላል። ተገዢነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው። አክስትህ የላከችው ወረቀት ላይ «ኅሊናው እንዳዘዘው ያድርግ» የሚል ቢኖር ኖሮ ቤቱን ሸጠህ ነበር! ስለዚህ ለሥራው የሚቀርበው አሮጌው ቃል ነው፤ እንደ ራሴ ሆነህ አስብልኝ፣ ወስንልኝ። ግን ያው አንቀጽ ዝቅ ብሎ መራጩ አመኔታ ካጣበት አባሉ በሕግ መሠረት ወንበሩን ሊያጣ ይችላል ይላል። ይኼ ደግሞ ቁርጥ ውክልና መሻር ነው። ሁለቱም ቃል እዚያ ውስጥ አለ። እኔ ግን እንደራሴን እመርጣለሁ፤ ተወካይ ቢሮ ቢሮ ይሸተኛል።

የሰፈር ቡና፦
ከርዕስ ልውጣና፣ ሬዲዮው «አዋጅ» ካለ አይቀር ያችን «ያዋጁን በጆሮ» የምትባለዋን ፍቱልኝ። እናቴ ሁሉም የሚያውቀውን ወሬ ሹክ ስላት ነው የምትለኝ።

ቀለም ቀንድ፦
እናትሽ አስቀምጠውታል። አዋጅ ነጋሪት ተጎስሞ በአደባባይ የሚነገር ነው። እሱን ጠጋ ብሎ በጆሮ መንገር የዋህነት ነው። ነጋሪት ራሱ ከ«ነገረ» የመጣ ነው፤ ተናጋሪው ከበሮ። በ1934 ሕግ የሚታወጅበት ጋዜጣ ሲወጣ ነጋሪት ጋዜጣ ተባለ። ከበሮው ወረቀት ሆነ።

ጉዳይ ገዳይ፦
እኛ ቢሮ ለቢሮ የምንዞረው ግን የሚያስቸግረን አዋጁ አይደለም፣ መመሪያው ነው! አዋጅን ፓርላማው ያወጣዋል፣ ደንብን የሚኒስትሮች ምክር ቤት፣ መመሪያን ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ራሱ። «መመሪያ ወርዷል» ይሉሃል። ላየው ስትል የለም። እንግዲህ ይኼ የመመሪያውን በጆሮ ነው።

ቀለም ቀንድ፦
ሃሃ፣ ይኼን ወስጄዋለሁ። ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች እንኳ መልስ አለህ። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ 1183/2012 ያልተመዘገበና በድረ ገጽ ያልተጫነ መመሪያ አይጸናም ይላል። መስኮቱ ላይ ቁጥሩን ጥራላቸው።

ሰባራ ብዕር፦
አንዲት የመጨረሻ። «እንደራሴያችን» ማለት ሰዋስው ይፈቅዳል? «ራሴ» ውስጥ «የኔ» አለ። «ያችን» ስንጨምርበት ደግሞ «የኛ» ሊሆን ነው።

ቀለም ቀንድ፦
ይፈቅዳል። «የኔ»ዋ ከቃሉ ጋር ተጋግራ ደርቃለች፣ ማንም አይሰማትም። ታክሲ ውስጥ ካሉት አዛውንት በቀር።