እናቴ ቀንና ሌሊቱ ተደበላለቀባት፤ እባካችሁ እርዱኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከፍኖተ ሰላም ነው። ግላኮማ የእናቴን ሁለቱንም ዓይኖች ካጠፋ 3 ዓመት ሆነው። አሁን ብርሃንና ጨለማ እንኳ አትለይም። እሱን እንደምንም ለምደነዋል። ያቃተን እንቅልፏ ነው።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የእንዝርቷ ድምፅ ይቀሰቅሰኛል። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በዳበሳ ትፈትላለች። «ነጋ እንዴ ልጄ?» ትለኛለች። ሆዴ ይባባል። ደግሞ ጥቂት ቀን ደህና ትተኛና ተመልሶ ይዛባል።

ሳነብ ያገኘሁት ይኸ ነው። አንጎላችን መሃል ፒኒያል የምትባል የሩዝ ፍሬ የምታህል ዕጢ አለች። ሲጨልም ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን ታመነጫለች፤ ሲነጋ ትቀንሳለች። መንጋቱ የሚታወቃት ግን በዓይን በሚገባው ብርሃን ነው። ብርሃኑ ከተቋረጠ የመተኛና የመንቂያ ጊዜያችንን የሚመራው የሰውነት ሰዓት ዙሩ ከ24 ሰዓት ትንሽ ያልፍና በየቀኑ ይንሸራተታል። የእናቴ ነገር ቁርጥ ይኸን መሰለኝ።

ያያት ባለሙያ ግን «እርጅና ነው» ብሎ መለሰን። ገና 58 ዓመቷ ነው!

ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ እንዲህ ያለ የእንቅልፍ ችግር የሚያይ ሐኪም የምታውቁ ጠቁሙኝ። ዓይነ ስውር ሆኖ ሜላቶኒን የታዘዘለት ሰው ካለም፣ በስንት ሰዓት እንደሚወስደው ንገሩኝ። የደም ግፊት መድኃኒት ስለምትወስድ ዝም ብዬ ገዝቼ ልሰጣት ፈራሁ።