ጥቆማ፦ መንገዱ የሚርቅ ኦንላይን ጌም፣ ከተቻለም ደህና ጌም ቤት

የኮዬ ልጅ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ኮዬ ፈጬ ነው የምኖረው። ማታ ማታ ከአክስቴ ልጅ ጋር የምንጫወተው ኦንላይን ጌም እየፈለግኩ ነው። ተኩስ ሰልችቶናል። ሰፊ ዓለም ያለው፣ አንዱ ከተማ ከሌላው የምር የሚርቅ ቢሆን ደስ ይለኛል። የአክስቴ ልጅ «ካርታ ነክተህ ካልደረስክ ጊዜ ማባከን ነው» ባይ ነው። ለእኔ ደግሞ ዓለሙ ትልቅ የሚሆንብኝ በእግር ወይም በጀልባ ሲኬድ ነው። ማናችን ነን ልክ? የትኛውን ትጠቁሙናላችሁ? ያለን አንድ አሮጌ ላፕቶፕና ስልክ ነው። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ደህና ጌም ቤት የሚያውቅ ካለም ጣል ያድርግልኝ።

አራብሳ ማዶ፦
ረጅም መንገድ ናፍቆህ ነው? ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ከኮዬ ወደ ሜክሲኮ ታክሲ ተሰለፍ። ግራፊክሱ አንደኛ ነው። ካርታ ነክቶ መድረስ፣ ቴሌፖርት የሚባለውም የለውም።

የኮዬ ልጅ፦
ሃሃሃ፣ እሱንማ በየቀኑ እየተጫወትኩት ነው። ሌላ አምጡ።

የድሮ ጌመር፦
ዎርልድ ኦፍ ዋርክራፍት፣ ባጭሩ ዋው። አለቀ። ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምነግርህ። በ2004 ሲወጣ ደረጃ 40 ሳትደርስ ፈረስ የለም፤ በእግርህ ነው። ከአንዱ አህጉር ወደ ሌላው ለመሻገር ወደብ ላይ ቆመህ መርከብ ትጠብቃለህ። ወደ ማደሪያህ የሚመልስህ ድንጋይ አለ፤ አንዴ ከተጠቀምክበት ግን አንድ ሰዓት ያስጠብቅሃል። ወደቡ ላይ ከማታውቀው ሰው ጋር ወሬ ትጀምራለህ። እስከ ዛሬ አብሬያቸው የምጫወተው ልጆች የተገኙት እዚያ ነው። በ2007 መብረር መጣ፣ መጀመሪያ በአዲሱ ዓለም ብቻ። በ2010 በድሮውም ተፈቀደ። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሰው ጠፋ፤ ሁሉም በላይ ያልፋል። ለዚህ እኮ ነው በ2019 የድሮውን ክላሲክ ብለው መልሰው ሲከፍቱት ሰርቨር ለመግባት ወረፋ የነበረው።

ፈጣን ጣት፦
በ2014 የወጣው ክፍል ላይ መብረር ሲከለከልስ? ተጫዋቹ ጩኸቱን አቀለጠው፤ በዓመቱ መለሱት። እሱንም ጨምረህ ንገረው እንጂ።

የድሮ ጌመር፦
እነሱ ተጫዋች አይባሉም።

ቡና በማታ፦
ወንድሜ የድሮ ጌመር፣ ከልቤ ልጠይቅህ። ዋው ውስጥ ግሪፎን የሚባለው የሚበር እንስሳ ላይ ወጥተህ ዝም ብሎ መብረር ጉዞ ነው? መሪ አትይዝ፣ መንገድ አትመርጥ፣ የሚነካህ የለ። እኔ ያኔ ተነስቼ ጀበና እጥድ ነበር። ተመልሼ ስመጣ ገና እየበረረ ነው።

ለጠያቂው፦ ቫልሃይምን እዩት። በ2021 ነው የወጣው፣ እስከ 10 ሰው አብሮ ይጫወታል። ፖርታል (የሚያሻግር በር) ሠርተህ ራስህ ከጫፍ ጫፍ ውልቅ ትላለህ። ማዕድን ግን ሴቲንጉን ካልቀየርክ በተራው ፖርታል አያልፍም። መዳብህንና ብረትህን ጀልባ ላይ ጭነህ ባህር መውጣት ግድ ነው። ነፋሱ ከፊት ከመጣ መቅዘፍ ነው፣ ያስለቅሳል። የባህር እባብ ደግሞ አለ። እኛ ቤት አንዱ መሪ ይይዛል፣ አንዱ ቀስት ይዞ ይቆማል፣ ታናሽ ወንድሜ ይጮሃል። ብረቱ በፖርታል ቢያልፍ ኖሮ ያንን ባህር ማን ዞር ብሎ ያየው ነበር? አንድ ነገር ግን፣ ጌሙ ነፃ አይደለም።

ፐብጂ ኪንግ፦
ፐብጂ ተጫወቱ በቃ። ኤራንገል የሚባለው ካርታ 8 በ8 ኪሎ ሜትር ነው። ሩቅ ከሆነባችሁ ሳንሆክ 4 በ4 ነው።

የኮዬ ልጅ፦
ተኩስ ሰልችቶናል ብዬ ነበር።

ፐብጂ ኪንግ፦
እና አትተኩሳ።

ሁለተኛ አልሄድም፦
ጌም ቤት ጠይቀሃል አይደል? ስም አልጠራም፣ ሰፈርም አልናገርም። አንድ ቤት ገብቼ የሦስት ሰዓት ቀድሜ ከፈልኩ። ገና ሳልሞቅ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር አለን ብሎ ነው ያስገባኝ፤ ለካ ነዳጅ የለውም። «ሰዓቱን አቁምልኝ» ስለው «ሲስተሙ ነው የሚቆጥረው፣ እኔ ምን ላድርግ» አለኝ። ጨለማ ውስጥ ተቀምጬ ሰዓት ተቆጠረብኝ! መብራቱ ሲመጣ አልቋል ተባልኩ። በዚህ ቢበቃ ጥሩ ነበር። አካውንቴ እንደተከፈተ ቀርቶ፣ ከእኔ ቀጥሎ የገባው ልጅ ዕቃዬን ሙልጭ አድርጎ ሸጦታል። ባለቤቱን ብጠይቀው «ጌም ነው፣ ምን አካበድከው» አለኝ።

ገላን በር፦
ሰዓቱ መቆም አለበት። ይሄ ምን ያከራክራል?

አያት ጫፍ፦
አካውንት ሳይዘጉ መውጣት ግን የራስ ጥፋት ነው።

ሁለተኛ አልሄድም፦
መብራት ጠፍቶ በየት በኩል ልዝጋው?

አያት ጫፍ፦
ስልክህ ላይ ገብተህ ፓስወርድ ትቀይራለህ። ብዙ ጊዜ ሁሉም ቦታ ያስወጣሃል።

ሁለተኛ አልሄድም፦
አሁን ነው የምትነግረኝ?

ገላን በር፦
እኛ ሰፈር አንድ ቤት አለ። ጆይስቲኩ ላልቷል፣ አንዱ ወንበር እግሩ ተሰብሯል፣ ኔትም አንዳንዴ ነው የሚመጣው። ልጁ ግን ጨዋ ነው። ሌላ ቤት በነፃ ግባ ቢሉኝም አልሄድም።

አያት ጫፍ፦
ኔት ከሌለ ኦንላይን ጌሙን በምን ይጫወተው?

ገላን በር፦
ጆተኒ አለ።

አራብሳ ማዶ፦
ባለቤቱ አንተ ነህ መሰለኝ።

ዋይፋይ ሐኪም፦
ኔታችሁ ደካማ ከሆነ ራውተሩን መሬት ላይ አታስቀምጡ። ቁም ሳጥን ላይ ስቀሉት፤ በሲም የሚሠራ ከሆነ ከመስኮቱ ብዙ አይራቅ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ሲግናል ይበላል። ለጌም ከሆነ ላፕቶፑን በኬብል ብታገናኙት ይሻላል።

የኮዬ ልጅ፦
እናመሰግናለን። ጥያቄዬ ግን ስለ ጉዞው ነበር።

ሌሊት ፈረቃ፦
ወደ ጥያቄው እንመለስ እስኪ። ዶላር ካርድ ከሌላችሁ በየወሩ የሚያስከፍል ጌም ውስጥ አትግቡ። ስለዚህ የድሮ ጌመርን ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ በነፃ የሚጀመሩትን ልንገራችሁ።

ኦልድ ስኩል ሩንስኬፕ በ2013 ነው የተከፈተው፤ ከ2018 ጀምሮ ስልክ ላይም አለ። አሮጌ ላፕቶፕም ይችለዋል። ለእኛ ኔት ደግሞ ልክክ ይላል። ሰርቨሩ ትእዛዝ የሚያስተናግደው በየ0.6 ሴኮንዱ ስለሆነ ፒንጋችሁ (የኔቱ መዘግየት) 200 ቢሆን ብዙም አያስታውቅም። ስትሮጥ ጉልበትህ ያልቃል፣ ከዚያ መራመድ ነው። ቴሌፖርት አለ፤ ወደ መነሻህ ከሚመልስህ በስተቀር ግን በነፃ አይደለም፣ ሩን የሚባል የአስማት ድንጋይ ያስከፍልሃል።

አልቢዮን ኦንላይን ከ2019 ጀምሮ ነፃ ነው፣ ከ2021 ደግሞ በስልክ ይሠራል። እያንዳንዱ ከተማ የራሱ ገበያ አለው። እዚህ የረከሰው ዕቃ እዚያ ይወደዳል። ትርፉን የምታገኘው ዕቃውን በበሬ ጭነህ ካደረስከው ነው፤ በሬው ደግሞ አይቸኩልም። ቀይ ወይም ጥቁር ዞን ውስጥ ገብተህ ከተገደልክ የያዝከው ሁሉ ሄደ።

ኢቭ ኦንላይን የ2003 ጌም ነው፤ በነፃ መጫወት የተቻለው ከ2016 ወዲህ ነው። ከ5,000 በላይ የኮከብ ሥርዓቶች አሉት፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በየበሩ እያለፍክ ነው የምትሄደው። ሰው ዕቃ ጭኖ ጂታ የሚባል ትልቅ ገበያ ድረስ ይሄዳል። በሩ ጋ ሽፍታ ይጠብቀዋል። ይሄኛው ለላፕቶፕ ብቻ ነው፣ ሴቲንጉን ዝቅ አድርጉት።

አየህ፣ መንገድ ላይ የምታጣው ነገር ሲኖር ነው ርቀቱ የሚሰማህ። የምታጣው ከሌለ የአክስትህ ልጅ ልክ ነው፣ ካርታውን ንካና ድረስ። በ1999 የወጣው ኤቨርክዌስት ውስጥ እኮ ድሩይድና ጠንቋይ የሆኑ ተጫዋቾች ሰው በማሻገር ብቻ ገንዘብ ይሠሩ ነበር። በ2002 ወደየከተማው የሚያሻግር ማዕከል ሲከፈት ያ ሥራ ቀዘቀዘ። ርቀቱ ሲጠፋ እንጀራቸውም አብሮ ሄደ።

የመንታ እናት፦
ሁላችሁም ነገ ሥራ የሌላችሁ ትመስላላችሁ። ልጆቹ ተኝተው እኔ እስክቀመጥ አንድ ሰዓት ነው የሚተርፈኝ። እሷን በበሬ ልሂድባት? ግማሽ ሰዓት ጭኜ ሄጄ በር ላይ ሽፍታ ወስዶት ልተኛ? ይቅርብኝ። ጊልድ ዋርስ 2 ነው የምጫወተው። ዋናው ክፍል በነፃ ነው። ዌይፖይንት የሚባል መድረሻ ምልክት በየቦታው አለ፣ ካርታው ላይ ነክቼ ጥቂት ሳንቲም ከፍዬ እደርሳለሁ። ደስ የሚለኝ ግን መጀመሪያ በእግሬ ደርሼ ካላገኘሁት አይከፈትልኝም። አንዴ ተንከራትቼ አይቼዋለሁ፤ ሁለተኛ ለምን ያንከራትተኛል?

ቡና በማታ፦
እህቴ፣ ይሄ አሳመነኝ።

የድሮ ጌመር፦
እኔን ግን አላሳመነኝም። ዋው ዋው ነው።

አራብሳ ማዶ፦
እኔም አንድ ልጠቁም። ኤሊት ዴንጀረስ፣ የ2014። ሀተን ኦርቢታል የሚባል ጣቢያ አለ፤ በተለመደው ሞተር ቀጥ ብለህ እየበረርክ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። በመንገዱ ላይ ምንም የለም። ምንም! ነባሮቹ ጀማሪውን «እዚያ ነፃ መርከብ ይሰጣሉ» እያሉ ይልኩታል። መርከብ የለም። እንደዚያም ሆኖ ሰው ሄጄ ነበር ለማለት ይሄዳል። የሌሊት ፈረቃን ሐሳብ እዚህ ላይ ምን ታደርጉታላችሁ?

ሌሊት ፈረቃ፦
ሃሃ፣ የሚያጣው እንቅልፉን ነዋ።

ጋሽ ሾፌር፦
ልጆች እንደምን አመሻችሁ። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ጅቡቲ መስመር ላይ ነው። አሁን ለገጣፎ ቁጭ ብያለሁ። ልጄ ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 የሚባል ጫነልኝ። መንገዱን 1 ለ19 አሳንሰውታል ይላል ልጄ። ለእኔ አሁንም መንገድ ነው። ዝናብ ይመጣል፣ ይመሻል፣ እንቅልፍ ይጥልሃል፣ ነዳጅ ያልቃል። ባዶ መኪና ስነዳ ግን ይሰለቸኛል። ጭነት ሲኖረኝ ነው ዳገቱም ኩርባውም የሚታየኝ። ከ2021 ወዲህ ከሌሎች ጋር ሆኖ በኮንቮይ መንዳትም ይቻላል፤ ከልጄ ጋር እንደዚያ ነው የምንሄደው። እሱ ይቸኩላል፣ ይገለበጣል።

ገላን በር፦
ጋሼ፣ ክብር ይስጥልን። በኪቦርድ ነው የሚነዱት ወይስ መሪ አለዎት?

ጋሽ ሾፌር፦
መሪ አለኝ፣ ፔዳልም አለው። በኪቦርድማ መኪና አይነዳም።

ፐብጂ ኪንግ፦
ጋሼ ከየት ገዙት? መርካቶ ይገኛል?

ጋሽ ሾፌር፦
የእህቴ ልጅ ከዱባይ ነው ያመጣልኝ። መርካቶ ግን አይጠፋም፣ ጠይቁ። ስትገዙ ፔዳሉን እዚያው ሰክታችሁ ሞክሩት፤ ፍሬኑ የማይሠራ ይሸጣሉ።

ሁለተኛ አልሄድም፦
እኔ የገባሁበት ጌም ቤት ራሱ ፍሬን የለውም።

የኮዬ ልጅ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ከአክስቴ ልጅ ጋር ተነጋግረን ተስማምተናል። ዛሬ ሌሊት እያወረድን ነው።

የመንታ እናት፦
የቱን?

ፐብጂ ኪንግ፦
ጋሼ፣ መሪው ከስልክ ጋር ይሠራል?