ቀይ ፀጉር ያላቸው ሳይንቲስቶች፣ ሐኪሞች፣ የትምህርት ሰዎች እነማን ናቸው?

መምህርት ማራኪ
ሰላም የጎንደር ልጆች። አምስተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ ፀጉሯ ቀላ ያለ ልጅ አለች፣ ሂና ምናምን አይደለም ስትወለድም እንደዛ ነበር ብላኛለች እናቷ፣ ልጆቹ ግን «ፈረንጅ» እያሉ ስለሚያበሽቋት አሁን አሁን ሻሿን አታወርድም፣ እጇን ማውጣትም ትታለች። ጎበዝ ልጅ እኮ ናት፣ አንጀቴን ነው የምትበላው። እና ስሟን ሳላነሳ ለሚኒ ሚዲያ ስለ ቀይ ፀጉራም ሰዎች ላዘጋጅ አስቤያለሁ፣ ማን ማንን ላስገባ? ፀጉር ለምን እንደሚቀላ የሚያስረዳኝም ካለ።

የቀሃ ልጅ
እህቴ ሩቅ ምን አስኬደሽ፣ ጀምስ ብሩስ አለልሽ አይደል! ስኮትላንዳዊ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ90 የሚያልፍ፣ ፀጉሩ ቀይ። በፈረንጆቹ 1770 እዚህ ሲመጣ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር፣ ቁስቋም እቴጌ ምንትዋብ ግቢ የታመሙትን ልጆች እይ ተባለ። በዲግሪ ሐኪም አይደለም ግን ሶርያ ሐላብ እያለ ከዶክተር ራስል የተማረውን ይዞ በርና መስኮቱን ሁሉ አስከፈተ፣ ቤቱን በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ፣ በሙቅ ውሃና በሆምጣጤ አሳጠበ። ሁሉም አልተረፉም፣ የእቴጌዋ ልጅ የወይዘሮ አስቴር ልጅ ኮንፉ ግን ድኗል። ደግሞ ለተቅማጥ የሚሆነው የኛው ዋጊኖስ ሳይንሳዊ ስሙ ብሩሲያ አንቲዲሴንተሪካ ነው፣ በሱ ስም። መጽሐፈ ሄኖክንም በግዕዝ 3 ቅጂ ይዞ ሄዷል፣ እነሱ ጋ ሙሉው ጠፍቶ የኖረ መጽሐፍ። የአባይን ምንጭ አገኘ የሚለውን ብቻ እንዳታስገቢ፣ ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ግሽ አባይ ደርሷል፣ የሰከላ ሰው ደግሞ ከድሮም ፀበሉን እየጠጣ ኖሯል።

ሲስተር የአዘዞዋ
መምህርት ስለ ፀጉሩ እኔ ልበል፣ ጤና ላይ ነው የምሰራው። ሁለት ቀለም አለ፣ ዩሜላኒን ጥቁርና ቡናማውን ይሰጣል፣ ፊዮሜላኒን ቀዩን። 16ኛው ክሮሞዞም ላይ ያለ ኤም ሲ ዋን አር የሚባል ጂን፣ ማለትም ከወላጅ የሚወረስ መመሪያ፣ ነው የሚያመዛዝነው፣ ከቀይ ፀጉር ጋር መያያዙ የታወቀው በፈረንጆቹ 1995 ነው። ልጅ ብዙውን ጊዜ ከእናትም ከአባትም የተለወጠውን ጂን ሲወርስ ነው ፀጉሩ የሚቀላው፣ ስለዚህ የሁለቱም ፀጉር ጥቁር ሆኖ ልጃቸው ቀይ ልትሆን ትችላለች። ከዓለም ህዝብ ከ1 እስከ 2 ፐርሰንት ቢሆን ነው።
ግን የሷን በዚህ ጂን ነው ብለሽ አትደምድሚ። አልቢኒዝም (በዘር የሚወረስ የቆዳ፣ የፀጉርና የአይን ቀለም ማነስ) ውስጥም ፀጉር የሚያቀላ አይነት አለ፣ ፀሐይ አይኗን ካስቸገራት ወይ ሰሌዳው ካልታያት አይን ክፍል ትታይ። ሌላ ተማሪ ፀጉሩ ጥቁር ሆኖ ኖሮ አሁን ቀላ ሳሳ ካለና በቀላሉ ከተነቀለ፣ እግሩም ካበጠ፣ የፕሮቲን እጥረት ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ጤና ጣቢያ ላኪው።

አንባቢው
ከትምህርት ሰዎች የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረውን ቶማስ ጀፈርሰንን ጨምሪ፣ ቀይ ፀጉራም ነበር፣ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲን በፈረንጆቹ 1819 ያቋቋመ። ባሪያ አሳዳሪ እንደነበረም ንገሪያቸው፣ ልጆች እውነቱን ይስሙ። ጸሐፌ ተውኔቱ በርናርድ ሾውም ቀይ ፂም ነበረው፣ በ1895 የለንደኑን ኢኮኖሚክስ ኮሌጅ ከመሰረቱት አንዱ ነው።

መምህርት ማራኪ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም! ብሩስን አስቀድማለሁ፣ ቁስቋምን ልጆቹ ሁሉ ያውቁታል። ሲስተር፣ ልጅቱ ስትጽፍ ደብተሩን ወደ ፊቷ በጣም ታስጠጋለች፣ እኔ ልማድ ይመስለኝ ነበር። ነገ እናቷን አናግራለሁ፣ አይን ክፍል በቀጥታ ይገባል ወይስ ሪፈር ያስፈልጋል?

ሲስተር የአዘዞዋ
ከጤና ጣቢያ ሪፈር አጽፉላት፣ በጠዋት ይምጡ ወረፋው ሳይበዛ። እስከዛው ፊተኛው ወንበር ላይ አስቀምጫት።