«ፌር» ሁልጊዜ ፍትሐዊ ነውን?

ጥያቄ፦ «ፌር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል የማውቀው «ፍትሐዊ» በሚል ትርጉሙ ነው። አሁን በምተረጉመው ልብ ወለድ ግን አንዲት ሴት ፌር ተብላለች፤ ነፋሱም ፌር ነው፤ ነጋዴው ያገኘው ገንዘብም ፌር። ለሁሉም የሚሆን አንድ ቃል ይኖረናል?

መልስ፦ የለንም፤ ባይፈልጉትም ይሻላል። ቃሉ በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ያማረ» ማለት ነበር፤ ፍትሕን የያዘው ኋላ ነው። በተረት ንግሥቲቱ መስታወቷን «ከሁሉ ፌር ማን ናት?» ስትል የዳኝነት ነገር አላሳሰባትም። ይህ ትርጉም ዛሬ የሚገኘው በአሮጌ፣ ወይም አሮጌ መምሰል በሚወድ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የልብ ወለዱን ዘመን ይመልከቱ። ጥንታዊ ከሆነ ሴትዮዋ ቆንጆ ልትሆን ትችላለች፤ የቅርብ ከሆነ ግን ቆዳዋ ወይም ጸጉሯ ነጣ ያለ ነው። ለቆዳዋ የእኛው «ቀይ» ሊያስኬድ ይችላል። ጸጉሯን ቀይ ካሉት ግን ሌላ ሴት ፈጠሩ ማለት ነው።

ነፋሱ ለጉዞ የተመቸ ነው፤ በዚህ ብዙ አይድከሙ። ገንዘቡን «ደህና ገንዘብ» ይበሉት። «ደህና» እንደ ፌር ሁለት ፊት አለው፤ ገንዘብ ላይ ሲወድቅ በዛ ያለ ይሆናል፣ «እንዴት ነበር?» ሲባል ደግሞ መካከለኛ። በተማሪ ውጤት ላይ የሚጻፈው ፌር ከ«ጥሩ» በታች ስለሆነ ወላጅን አያስደስትም።

ሌላ አስተያየት፦ በሕግ ጽሑፍም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «ፌር ዩዝ» «ፍትሐዊ አጠቃቀም» እየተባለ ሲተረጎም አያለሁ፤ አልወደድኩትም። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ በአንቀጽ 107 የሚናገረው ባለመብቱን ሳያስፈቅዱ በሥራው መጠቀም ስለሚቻልበት ሁኔታ ነው። የሚመዘኑትም 4 ነገሮች ናቸው፦ የአጠቃቀሙ ዓላማ፣ የሥራው ዓይነት፣ የተወሰደው መጠንና በሥራው ገበያ ላይ የሚያደርሰው ጫና። «ተገቢ አጠቃቀም» ይበልጥ ይገልጸዋል። ባዛር ማለት የሆነው ፌር ደግሞ ከላቲን የመጣ ሌላ ቃል ነው፤ ዝምድና አይፈልጉለት።

ጥያቄ፦ አመሰግናለሁ። ሰዎች በክርክር መሐል የሚሉት «ፌር ኢናፍ»ስ?

መልስ፦ «ይሁን፣ ያስኬዳል» ነው። ተናጋሪው ነጥቡን ተቀበለ እንጂ የግድ ሐሳቡን አልለወጠም። «ፍጹም ትክክል ነህ» ብለው ከተረጎሙት ገጸ ባሕሪው ሳይሸነፍ አሸነፉት።