አጎቴ ወደ እስር ክፍሉ ተመልሶ ቢቀረጽ ይጎዳ ይሆን?

ጠያቂ፦ አጎቴ በፖለቲካ ምክንያት ለዓመታት ታስሯል። አሁን ዶክመንተሪ የሚሠሩ ልጆች የታሰረበት ክፍል ወስደው ሊቀርጹት ነው። እሱ እሺ ብሏል። እኔ ግን ፈራሁ። የብረት በር ድምፅ ዛሬም ያስደነግጠዋል። ምን ትላላችሁ?

መልስ 1፦ እንዲህ ያሉ ፊልሞች ኤዲት አድርጌያለሁ። የግድ እዚያው ክፍል መሄድ የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ታድሞር» የተባለ ዶክመንተሪ ላይ ሊባኖሳውያን የቀድሞ እስረኞች ታስረውበት የነበረውን የሶርያ እስር ቤት ቤይሩት አካባቢ ባለ ባዶ ትምህርት ቤት ውስጥ ራሳቸው መልሰው ሠሩት። እስረኛም፣ ጠባቂም ሆነው ተወኑ። ግድግዳውን ራስህ ስትሠራው ነገሩ ይለያል። ደግሞ ሰው ያላወራውን እጁ ያስታውሳል፤ ሳህኑን እንዴት እንደሚይዝ፣ የት ጥግ እንደሚተኛ። እኔ ከረጅም ቃለ መጠይቅ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ። በሩን ግን ማንም አይዝጋበት፣ «ለትዕይንቱ» ቢሉም!

መልስ 2፦ ውሉን አንብቡት። ቀረጻው ካለቀ በኋላ «ይህ ይውጣ» ማለት ይችላል? አብረውት የታሰሩትን ስም ከጠራስ? እነሱ አልፈቀዱም እኮ።

ጠያቂ፦ ስሙን አላሰብኩትም ነበር። ዛሬ ማታ እጠይቀዋለሁ። ስለ ሳህኑ ግን እውነት ነው፣ እስካሁን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ነው የሚበላው።

መልስ 1፦ እንግዲያው የመጀመሪያውን ቀን ቤቱ ይቅረጹት።